ፎልደሩ ትናንት በተውኩት ቦታ ለምን አይከፈትም?

ፎልደር ትከፍታላችሁ። መስኮቱን ጎትታችሁ ታሰፉታላችሁ፣ ወደ ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ትወስዱታላችሁ፣ ሥራችሁን ጨርሳችሁ ትዘጉታላችሁ። በማግስቱ ስትከፍቱት መሀል ላይ ይጎለታል፤ ያውም አንሶ፣ የፋይሎቹን ስም እንኳ ሙሉውን ሳያሳይ። እንደገና መጎተት፣ እንደገና ማስፋት። ትንሽ ነገር ናት፣ አውቃለሁ። ግን በቀን ስንቴ ፎልደር እንደምንከፍት አስቡት። እኔን ደግሞ የሚያበግነኝ እንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳም ቢል ይሻለኛል፣ ቢያንስ ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ።

ብዙ ሰው "ዊንዶውስ ምንም አያስታውስም" ይላል። ያስታውሳል እንጂ። የሚያስታውሰው ግን እኛ በምንጠብቀው መንገድ አይደለም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ እያንዳንዱ ፎልደር የራሱን መስኮት መጠንና ቦታ ለብቻው ይይዝ ነበር። የፎቶው ሰፊ ሆኖ በግራ፣ የሰነዱ ጠባብ ሆኖ በቀኝ፣ ሁሉም በየቦታው ይከፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ይህ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለየፎልደሩ የሚያዘው የውስጥ አቀማመጡ ብቻ ነው፦ በዝርዝር ይታይ ወይስ በትልልቅ አይከን፣ በስም ይደርደር ወይስ በቀን፣ ዓምዶቹ ምን ያህል ይስፉ። የመስኮቱ መጠንና ቦታ ግን ለሁሉም ፎልደሮች አንድ የጋራ መዝገብ ነው ያለው።

ይህን ካወቃችሁ ግማሹ እንቆቅልሽ ተፈታ። ሕጉ ቀላል ነው፤ መጨረሻ የተዘጋው መስኮት ያሸንፋል። አምስት ፎልደር ከፍታችሁ፣ አንዱን አሳምራችሁ አስተካክላችሁ፣ ከዚያ ሌላ የተጨማደደ መስኮት መጨረሻ ላይ ከዘጋችሁ፣ ነገ የሚመጣው የተጨማደደው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተከፈቱትን ፎልደሮች በሙሉ ዝጉ። አንድ ብቻ ክፈቱ። ስክሪኑን ሞልቶ ከሆነ ወደ መደበኛ መጠኑ መልሱትና ጠርዙን በማውስ ይዛችሁ የምትፈልጉትን ያህል አድርጉት። ቦታው ላይ አስቀምጡትና በኤክስ ምልክቷ ዝጉት። በቃ። በድሮዎቹ ዊንዶውሶች ኮንትሮልን ተጭኖ መዝጋት የሚባል ዘዴ ነበር፤ አሁንም የሚሞክረው ሰው አለ፣ አይጎዳም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሰውን ያሳስታል። አንደኛው፣ መስኮቱን ወደ ጠርዝ ገፍቶ ግማሽ ስክሪን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ይህ ጊዜያዊ ቅርጽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ከመገፋቱ በፊት የነበረው መጠን ነው። ጎኖቹን በእጃችሁ እየጎተታችሁ ያንኑ ግማሽ ብትሠሩት ግን ይያዝላችኋል። ሁለተኛው፣ የመስኮቱ ቦታ የሚጻፈው ከስክሪኑ ሬዞሉሽን (የፒክስል ብዛት) ጋር ተጣምሮ ነው። ላፕቶፑን ከትልቅ ሞኒተር ጋር አገናኝታችሁ ያስተካከላችሁት፣ ሞኒተሩን ስትነቅሉት ሌላ መዝገብ ይገለጣል። ኮምፒውተሩ ረሳ ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ሞኒተሩን መልሳችሁ ስትሰኩት የድሮው ይመለሳል።

ሁሉም ነገር ከተዘበራረቀ፣ ማለትም የትኛውም ማስተካከያ አልያዝ ካለ፣ መዝገቡን ራሱን ማጽዳት ነው። ሬጅስትሪ በሚባለው፣ ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት ቋት ውስጥ፣ በተጠቃሚው ስም ሥር ባግስ እና ባግኤምአርዩ የሚባሉ ሁለት ቁልፎች (እንደ ፎልደር ያሉ ክፍሎች) አሉ። መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ቅጂ ያዙ፣ ቀልድ አይደለም፣ ሬጅስትሪ ውስጥ ያለ ቅጂ አይገባም። ከዚያ ሁለቱን አጥፍታችሁ ኤክስፕሎረርን፣ ማለትም ፎልደሮችን የሚከፍተውን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ከታስክ ማኔጀር ሪስታርት አድርጉት። የሁሉም ፎልደር አቀማመጥ ከዜሮ ይጀምራል፤ ደርድራችሁ የነበረውም አብሮ ስለሚሄድ አስባችሁበት አድርጉት። እግረ መንገዴን፣ እነዚህ ቁልፎች የወንጀል ምርመራ ባለሙያዎች በጣም የሚወዷቸው ናቸው። ከጠፋ የቆየ ፎልደር፣ ተነቅሎ የሄደ ፍላሽ ውስጥ የተከፈተ ፎልደር፣ ሁሉም ዱካው እዚያ ይቀራል። ፎልደራችሁ የት ጥግ ላይ እንደነበረ ግን የለም!

ማይክሮሶፍቶች የየፎልደሩን ቦታ መያዝ ለምን ተውት? እኔ እንደገባኝ ነገሩ ስንፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ላይ አንድ ፎልደር ማለት አንድ መስኮት ነበር። ፎልደሩን ስትከፍቱ የራሱ መስኮት ይመጣል፣ በውስጡ ያለውን ስትከፍቱ ሌላ መስኮት ይመጣል። ቦታውን ማስታወስ ትርጉም ነበረው፤ ምክንያቱም መስኮቱ የዚያ ፎልደር ብቻ ነው። ከዚያ እንደ ኢንተርኔት ብራውዘር ወደፊትና ወደኋላ የሚሉ ቀስቶች መጡ። አሁን አንድ መስኮት ውስጥ ሆነን አሥር ፎልደር እንዞራለን። በሰነዶች ጀምሮ በሙዚቃ ያለቀ መስኮት ሲዘጋ ቦታው ለማን ይመዝገብ? ለመጀመሪያው? ለመጨረሻው? በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 ከ2022 ጀምሮ ለፎልደሮች ታብ አምጥቷል፤ አንድ መስኮት በአንድ ጊዜ የአራት ፎልደር ሆነ። በሊኑክስ በኩልም ጂኖም የሚባለው ዴስክቶፕ ፋይል ማኔጀር በ2004 የድሮውን ዘዴ እንደ ዋና አሠራሩ መልሶ ሞክሮት፣ በ2010 ተወው። ስክሪኑ በመስኮት ብዛት ይጨናነቃል፤ ሰው ደግሞ ያንን መዝጋት ይሰለቸዋል።

ምክንያቱ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። እጅ ቦታ ይለምዳል። የሒሳብ ፎልደሬ ሁልጊዜ ከታች በግራ የሚከፈት ከሆነ ስሙን ሳላነብ ዓይኔ እዚያ ይሄዳል፤ ልክ የቤቱን መብራት ማብሪያ በጨለማ እንደሚያገኝ ሰው። ቢያንስ በየፎልደሩ "ቦታህን ያዝ" የሚል አንድ ምርጫ ቢተዉልን ምን ነበረበት?

ማክ ላይ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ ማለት ይቻላል። ፋይንደር፣ ማለትም ማክ ላይ ፎልደሮችን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ የየፎልደሩን መስኮት መጠንና ቦታ አሁንም ይይዛል፤ የሚጽፈውም እዚያው ፎልደር ውስጥ በተደበቀ ዲኤስ ስቶር በሚባል ፋይል ነው። (ከማክ በፍላሽ ፋይል ስትቀበሉ ዊንዶውስ ላይ የምታዩት ያ እንግዳ ፋይል ማለት ነው። ብታጠፉት አቀማመጡ እንጂ ሰነዳችሁ አይጠፋም።) ዘዴው ፎልደሩን ለብቻው በአዲስ መስኮት መክፈት፣ ማስተካከል፣ ከዚያም ወደ ሌላ ፎልደር ሳይገቡ እዚያው መዝጋት ነው። ኮማንድን ተጭናችሁ ሁለቴ ክሊክ ብታደርጉ፣ እንደ ፋይንደር ምርጫችሁ በአዲስ ታብ ወይም በአዲስ መስኮት ይከፈታል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ኬዲኢ የሚባለውን ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ለመስኮቶች ሕግ ማውጣት ይቻላል፤ ርዕሱ እንዲህ የሆነ መስኮት እዚህ ቦታ፣ በዚህ መጠን ይከፈት ብላችሁ ታዛላችሁ። ከሁሉም የሚያምረው መፍትሔ ይሄ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ለየፎልደሩ ቦታ የሚፈልግ ሰው የውጭ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ብዙዎች ፓወርቶይስ በሚባለው የማይክሮሶፍት የመሣሪያዎች ጥቅል ውስጥ ያለውን ፋንሲዞንስ ይመክራሉ። ነፃ ነው፣ ስክሪኑን በክፍል ይከፋፍላል፣ አዲስ የሚከፈት መስኮትንም ወደ መጨረሻው ክፍሉ የሚመልስ ምርጫ አለው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሚያስታውሰው በፕሮግራም እንጂ በፎልደር አይደለም። ለእሱ ፎልደር ሁሉ አንድ ነው፣ ኤክስፕሎረር ነው። ስለዚህ ወደ መነሻችን ተመለስን ማለት ነው።

እኔ የምጠቀመው አውቶሆትኪ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራመር መሆን አይጠይቅም። የምትጽፉት ሦስት ትእዛዝ ነው፦ ፎልደሩን ክፈት፣ መስኮቱ እስኪመጣ ጠብቅ፣ ከስክሪኑ ግራና ላይ ጠርዝ ይህን ያህል ፒክስል ርቀህ በዚህ ስፋትና ቁመት አስቀምጠው። ለየፎልደሩ አንድ አንድ ፋይል ሠርታችሁ ዴስክቶፕ ላይ ማስቀመጥ ነው። መጠበቂያዋን መስመር አትዝለሏት። መስኮቱ ሳይመጣ የማንቀሳቀስ ትእዛዙ ከደረሰ ምንም አይሆንም፤ ወይም ይባስ ብሎ ፊት ለፊት የነበረውን ሌላ መስኮት አንስቶ ይወስደዋል።

ቦታ ማስያዝ የራሱ ጣጣም አለው። ሁለት ሞኒተር ላይ ሠርታችሁ አንዱን ስትነቅሉት አንዳንዴ ፎልደሩ በሌለው ስክሪን ላይ ይከፈታል። ታስክባሩ ላይ ይታያል፣ ስክሪኑ ላይ የለም። ዊንዶውስ 11 ላይ በዲስፕሌይ ሴቲንግ፣ የብዙ ሞኒተር ክፍል ውስጥ የመስኮቶችን ቦታ በሞኒተር ግንኙነት የሚያስታውስ ምርጫ አለ፤ እሱን አብሩት። እንዲያም ሆኖ ከጠፋባችሁ ታስክባሩ ላይ መስኮቱን ምረጡት፣ ኦልትና ስፔስ አንድ ላይ ተጫኑ፣ ከዚያ ኤም የምትለዋን ፊደል፣ ከዚያ ከቀስቶቹ አንዱን። አሁን ማውሱን ስታንቀሳቅሱ መስኮቱ ተከትሎ ይመጣል፤ ስታገኙት ክሊክ አድርጋችሁ ልቀቁት።