ባዶ እግሩን የሚያበር ፓይለት

ዛሬ ባሕር ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ተሳፈርኩ። ፓይለቱ ባዶ እግሩን ነው! ደንግጬ ነበር፤ እዚህ ማልዲቭስ ግን የተለመደ ነው አሉኝ።

የሆቴሉ ማሳጅም፣ ውሃ ላይ የተሠራው ክፍልም አሪፍ ነው፣ አልዋሽም። ልቤን የወሰደው ግን ሃኒፋሩ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ነው። የአየር ሲሊንደር ይዞ መጥለቅ ክልክል ነው፤ በስኖርክል (አፍ ላይ በሚያዝ የመተንፈሻ ቱቦ) ብቻ። ገና ፊቴን ውሃ ውስጥ ስነክር ከ3 ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ማንታ ሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አፉን በርግዶ ወደ እኔ መጣ። ጮህኩ። (በስኖርክል ውስጥ ሲጮህ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚወጣ አትጠይቁኝ።) ለካ የሚበላው ፕላንክተን የሚባሉ፣ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው። አጠገቤ ሲደርስ ቀስ ብሎ ታጠፈና ከሥሬ አለፈ።

ማታ አሸዋው ላይ በሻማ ብርሃን እራት ነበር። ምን እንደበላሁ ግን አላስታውስም።