የተማሪዎች መጽሔት ዲዛይን፦ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት

መሃሉ ታጥፎ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። 22 ገጽ ከሆነባችሁ ሁለት ጨምሩ ወይም ሁለት ቀንሱ።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ፎቶ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል። ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክሰል ከሆነ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) በጥራት የሚታተመው 11 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የኤ4 ሽፋን እንዲሞላ ሲለጠጥ የሰው ፊት ይደበዝዛል። ፎቶ የሚልኩላችሁን ከመጀመሪያው ቀን «እንደ ፋይል ላኩልን» በሏቸው፤ እባካችሁ ይህን አትርሱ።

በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ኮድ) ካልተቀየረ የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን መስመሩን ስለሚሞላ፣ ለ10 ፖይንት ጽሑፍ 15 ፖይንት የመስመር ርቀት ስጡት። ለአጽንኦት ፊደሉን ማጋደል (ኢታሊክ) አያምርበትም፤ ማድመቅ (ቦልድ) ይሻላል።

እስከ ጠርዝ የሚደርስ ቀለም ከገጹ 3 ሚሊሜትር ይለፍ፤ አለዚያ ወረቀቱ ሲከረከም ነጭ መስመር ይቀራል።