በኦሞ ያጠብኩት ገል

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስሜ «ቆራሌው» ነው። ያወጣችልኝ የሒሳብ አስተማሪዋ ናት፤ ቅር አላለኝም፣ እውነቷን ነው። ክረምት ወጣ ብሎ የሚመለስ ሰው ማር ወይ ቡና ወይ ለልጆቹ ልብስ ይዞ ይገባል። እኔ ከሻንጣዬ የማወጣው የተበጠሰ የአውቶቡስ ትኬት፣ ከሆቴል መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ያነሳሁትን ካርታ፣ የሙዚየም መግቢያ ቁራጭ፣ በሃይላንድ የተሞላ አፈር ነው። ባለቤቴ አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን በየመስከረሙ ልትጥለው ትነሳለች፤ በየመስከረሙ እለማመጣታለሁ።

ድሬዳዋ ውስጥ ሶሻል አስተምራለሁ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ። ያለን የግድግዳ ካርታ አንድ ነው፤ እሱም ኤርትራ ሳትለይ የታተመ፣ ጅማ ላይ የተቀደደ። በመምህር ደመወዝ ደግሞ መርጃ መሣሪያ እገዛለሁ ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ የትም ብሄድ ዓይኔ የሚያርፈው ሰው በነጻ በሚሰጠው ወይም በሚጥለው ነገር ላይ ነው።

ደግሞ ይሠራል! የአውቶቡስ ትኬቱን ውሰዱ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ መነሻ 11:00 ይላል። ጎኑ የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀት አስቀምጣለሁ፤ እሱ 07:20 ይላል። «የትኛው ቀድሞ ይነሳል?» እላለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አውሮፕላኑ!» ይላል፤ ሰባት ከአሥራ አንድ ያንሳላ። ከዚያ አንዷ፣ ብዙ ጊዜ አባቷ ሾፌር የሆነች ልጅ፣ «አቦ ቲቸር፣ አውቶቡሱ እኮ የሌሊት አሥራ አንድ ነው» ትላለች። አውሮፕላኑ በኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1:20 ነው፤ አውቶቡሱ ያኔ ሁለት ሰዓት ከሃያ ተጉዟል። ይህን በጠመኔ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ሁለቱን ወረቀት በእጃቸው ሲይዙ ግን ያከራክራቸዋል።

አፈሩም እንዲሁ። ሦስት ሃይላንድ ቂጣቸውን ቆርጬ፣ አፋቸው ላይ ጨርቅ አስሬ እዘቀዝቃቸዋለሁ። በአንዱ ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ በሌላው ከጅማ ያመጣሁት ቀይ አፈር፣ በሦስተኛው ከቢሾፍቱ ግድም የዘገንኩት ጥቁር መረሬ አፈር። አንዳንድ ብርጭቆ ውሃ ይፈስባቸዋል። አሸዋው ወዲያው ያሳልፈዋል። ቀዩ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። መረሬው ውሃውን አናቱ ላይ ይዞ ይቆያል፣ ያብጣል፣ ሥሩ ጠብ የሚል ነገር የለም። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ «አሸዋው እንዲህ የሚጠጣ ከሆነ ደቻቱ ለምን በ98 ሰው ወሰደ?» አለችኝ። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰበት ነው፤ ከክፍሉ ዘመዱ ያልሞተበት ጥቂት ነው። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ አንድ ብርጭቆውን ትቼ ባልዲ ሙሉ ውሃ ባንድ ጊዜ ለቀቅሁበት፤ አሸዋው እስኪጠጣ የሚጠብቀው ጎርፍ የለም። ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ዛፍ ባለቀበት ተራራ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሞልቶ ይወርዳል።

ነገሩ ለሌሎች መምህራንም ተጋባ። አንደኛው ከአውሮፕላን ወንበር ኪስ ውስጥ የደኅንነት መመሪያ ካርዱን መዞ መጣ። «ይኼ ነጻ አይደለም፣ ስርቆት ነው» አልኩት፣ በሰው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ይህን ያስታወስኩት ወድጄ አይደለም።

ሰኔ ላይ ለሰባተኛዎቹ እንዲህ አልኳቸው፦ «ክረምቱን ከምትሄዱበት ቦታ፣ ሳንቲም ያላወጣችሁበት አንዳንድ ነገር ይዛችሁ ኑ። ከአሥር ይያዛል።» ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የትም የማይሄድስ?»

«የትም የማይሄድ የለም፤ ቢያንስ አያቱ ጋ ይሄዳል» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ብልህ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

መስከረም ላይ ጠረጴዛዬ ሞላ። ከአሰበ ተፈሪ የቡና ቅርንጫፍ፣ ከሐዋሳ የዓሣ አከርካሪ፣ ከአዲስ አበባ የቀላል ባቡር ትኬት፣ ከጅጅጋ እፍኝ የግመል ፀጉር። ያ ልጅ የመጣው በመጨረሻ ነው። ክርና መርፌ የሚቀመጥበትን ዓይነት ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ ይዟል። ክዳኑን ሲከፍተው አሥራ አንድ ገል፣ ሦስት ጥቃቅን ዶቃ፣ አንድ ዛጎል። ገሎቹ ላይ ጭቃው እንዳለ ነው፤ የሁለቱ ውስጥ በጥቀርሻ ጠቁሯል።

«ከየት አመጣኸው?»

«አያቴ ማሽላ ማሳ ውስጥ ነው። ዝናብ ሲያጥበው ብቅ ይላል።»

የአያቱ መንደር በሐርላ፣ ከድሬ ወጣ ብሎ ባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ በኩል ነው። ድሬ ያደገ ሰው የሐርላን ወሬ ያውቃል፤ ያን ሁሉ ድንጋይ የካበው ግዙፍ ሕዝብ ነው ይባላል። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የእንግሊዙ ኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ቆፍረው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቤቶች፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ ከቻይና ድረስ የመጣ የሸክላ ስባሪ አግኝተዋል። ግዙፎቹ ሳይሆኑ ነጋዴዎቹ ነበሩ ማለት ነው።

ከካርቶኔ ውስጥ ሌላ ዛጎል አወጣሁ። ጅቡቲ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ከባሕር ዳር የለቀምኩት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የኔው ያብለጨልጫል። የልጁ እንደ አሮጌ ጥርስ ወይቧል፤ ጀርባው ክር እንዲያልፍበት ተቆርጧል። እንጂ አንድ ናቸው። «ባሕሩ በመንገድ ከኛ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማሽላ ማሳ ውስጥ ምን ይሠራል?» አልኩ። ባቡር አሉ። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ይኼ ከዚያ በፊት ቢሆንስ? ዝም። ከዚያ የጅጅጋዋ ልጅ የራሷን የግመል ፀጉር አየችና «ግመል!» ብላ ጮኸች። ጭነት ግመል በቀን 30 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብለን አሰብን፤ አሥር ቀን አለፈ። በመምህርነቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ክፍለ ጊዜ የለም። ልጁን ከፊት አቁሜ አስጨበጨብኩለት፤ ከአሥር አሥር ሰጠሁት።

ቆርቆሮውን ማታ ቤት ወሰድኩት። ገሎቹን ሳፋ ውስጥ በኦሞ ዘፈዘፍኩ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኋቸው። ጥቀርሻው አስቸገረኝና በጥፍሬ ጨረስኩት። ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፌ በማርከር «ጥንታዊ ዕቃዎች» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ እንኳን «አሁን ሰው የሚያየው ነገር ሆነ» አለች።

ጥቅምት ላይ የወላጆች ቀን ነበር። የአንዷ ተማሪ አጎት የቅርስ ባለሙያ ነው፤ ከልጅቷ ጋር መጥቶ ካርቶኑ ፊት ቆመ። ብዙ ቆመ። ደስ ብሎት መስሎኝ ተጠጋሁ።

«መምህር፣ ይኼን ማን አጠበው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በኦሞ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወደ አንድ ጥግ ወሰደኝና ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ፦ ከምን ያህል ጥልቀት ወጣ? አጠገቡ ከሰል ነበር? አጥንት ነበር? ከየትኛው ጋር ከየትኛው ነበረ? አንዱንም አላውቅም። ገል ከመሬት ብቻውን ሲወጣ የተሰበረ ሸክላ ነው አለኝ፤ ዕድሜው የሚታወቀው አብሮት ባለው ከሰል፣ ባለበት ንጣፍ አፈር ነው። ሸክላው የጠጣው ስብ፣ የያዘው ጥቀርሻ፣ ምን ይበስልበት እንደነበር ለሚመረምር ሰው ይናገራል። «ድስቱን አስቀርተህ ወጡን ነው ያጠብከው» አለኝ።

ሕጉንም ነገረኝ፣ ለማስፈራራት ሳይሆን እንዳውቀው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይባላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት እንዳለ መጠበቅ አለበት። ያለ ፈቃድ መቆፈርማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። «እኛ እንኳ አልቆፈርንም፤ ዝናብ ያወጣውን ነው» ብዬ ልከላከል ስል ልጁ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል።

«ቲቸር፣ ገና ብዙ አለ! ቅዳሜ ቅዳሜ ከነሱ ጋር ሄደን ሦስት ጉድጓድ ቆፍረናል» አለ፣ ፊቱ እየበራ። «ነሱ» የሚላቸው ሦስቱ ልጆች የዓሣ አጥንትና ትኬት አምጥተው ከአሥር ስድስትና ሰባት የሰጠኋቸው ናቸው። ነጥባቸውን ሊያሻሽሉ ነው።

ጆሮዬ ጋለ። የአውሮፕላኑ ካርድ ትዝ አለኝ። እሱ ሰውዬ የወሰደው ነገ ተመልሶ የሚታተም ወረቀት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለሙያው፣ ልጁና እኔ ወደ ደንገጎ የሚያወጣውን መንገድ ይዘን ሄድን፤ ከዚያ በእግር። አያትየው ማሳው ዳር ቆመው ጠበቁን። ማሽላው አፍርቷል፤ መሀሉ ላይ ሦስት ጉድጓድ፣ ዙሪያውን ሥሩ የተነቀለ አገዳ ወድቋል። በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። ልጁ ሲጨርሱ ወደኔ ዞረና፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ እያሉ ነው።»

እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ እሱ ይኼን አያውቅም። ያሉት «ለትምህርት የላክሁትን ልጅ ጃርት አድርጎ መለሰልኝ፤ ማሳዬን እየቦረቦረ» ነው። ሌላም ነበረው፤ ልጁ ማሳጠሩ ደግ ነው። በኦሮምኛ ይቅርታ ስጠይቃቸው ልጁ አንገቱን ሸሚዙ ውስጥ ቀበረ። እሳቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ባለሙያው ጉድጓዶቹን ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ በደብተሩ ጻፈ፤ አፈሩ እንዲመለስ አደረገ። ዕቃዎቹን ሲረከበኝ እንዴት እንደተገኘና ምን እንደደረሰበት በእጅህ ጻፍልኝ አለ። ቃሉን እንደሚሰጥ ተከሳሽ ተቀምጬ ጻፍኩ። አንዱ መስመር «በኦሞ ታጥቧል፤ በኮላ ተለጥፏል» ይላል። ከነፊርማዬ።

መሰብሰቡን አልተውኩም። ነጥቡን ግን አነሳሁት፤ ልጅን ጉድጓድ ያስገባው እሱ ነው። «ከምትሄዱበት» የሚለውንም ቀየርኩት፤ ከቤቱ ደጃፍ ያመጣ ልጅ ከሐዋሳ ካመጣው አያንስም። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ካርድ አለ፤ የት፣ መቼ፣ ከማን፣ ተፈቅዶ ወይ። ልጆቹ «ከራስዎ ይጀምሩ» ሲሉኝ ካርቶኔን አውጥቼ መሙላት ጀመርኩ። ትኬቱ ቀላል ነው፣ ካርታው ቀላል ነው። ከአብያታ ሻላ ፓርክ ያነሳሁት ባልጩት ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ስሙን አሳምሬ የምጠራው ቦታ ነው፤ ስለታሙን ጫፍ እያሳየሁ ስንት ዓመት አስተምሬበታለሁ። ፓርክ ውስጥ ማንን ጠይቄ? አሁንም ክፍል ውስጥ አለ። ካርዱ ላይ «ሳይፈቀድ» ይላል፤ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ለምን ይላል፣ እኔም እነግረዋለሁ።

ያን ቅዳሜ ልንሄድ ስንል አያትየው ማጭዳቸውን ይዘው ማሳ ገቡ። አንድ ወፍራም የማሽላ ራስ ቆርጠው አምጥተው እጄ ላይ አደረጉት። «ይኼን ውሰድ። የዘራሁት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ከጥቁር ሰሌዳው በላይ በሚስማር ሰቀልነው። ካርዱን የጻፈው ልጁ ነው፤ የት፣ መቼ፣ ከማን፣ ተፈቅዶ ወይ፣ አራቱም ሞልተዋል። ኅዳር ላይ በተሰበረው መስኮት ድንቢጥ ገብታ ለቅማዋለች። ጠዋት ስገባ ካርዱ ሥር በእርሳስ ተጨምሮበታል፦ «ግማሹን ወፍ፤ ሳይፈቀድላት።»