መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት ፎቶ

በርሊን፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። የአንድ ሽማግሌ ኮሞዲኖ በመድኃኒት ተጨናንቆ ሳየው አጸዳሁትና እዚያ የነበረውን ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ጢማም ወንዶች ብስክሌት ተደግፈው ይስቃሉ። የሽማግሌው ቅጽ «ሚስት፦ ተፋተዋል። ልጅ፦ የለም» ይላል። ወንድማቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሽማግሌው ሁለት ቀን እህል አልቀምስ አሉ። ሐኪም መጣ፣ ደም ተወሰደ፣ ምንም አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ሾርባ ይዤ ስገባ ጣታቸውን ወደ ኮሞዲኖው ቀሰሩ።

«የት አደረግኸው?»

አውጥቼ ሰጠኋቸው። በእጅጌያቸው ወለወሉት። «ወንድምዎ ናቸው?» አልኩ፤ እኔ ደግሞ አላርፍም።

«ባሌ ነበር።»

ይህን ለአገሬ ሰው ስነግር የትኛውን ቃል ልጠቀም እያልኩ እደናቀፋለሁ፤ አብዛኛው ስድብ ነው። በጀርመንኛ ይቀለኛል።

ሽማግሌው ኖቬምበር 9 ቀን 1989 የ39 ዓመት የቶርኖ ሠራተኛ ነበሩ፣ ምሥራቅ በርሊን፣ ባለትዳር። አንድ የሥራ ባልደረባቸው ትርፍ ትኬት አለኝ ብሎ ኪኖ ኢንተርናሲዮናል የሚባል ሲኒማ ቤት ወሰዳቸው። የሚመረቀው ፊልም ምሥራቅ ጀርመን ስለ ሁለት ወንዶች ፍቅር የሠራችው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። ሕጉ በዚህ ጉዳይ አዋቂዎችን መቅጣት ከተወ ያኔ 21 ዓመት ሆኖት ነበር። የፋብሪካ ሰው አፍ ግን ሕግ አያውቅም።

«ፊልሙ ላይ ያለው አስተማሪ ራሱን ሲደብቅ ላብ አጠመቀኝ። መብራቱ ሲበራ ማን እንደሆንኩ አውቄ ነበር።»

ዛሬውኑ ለሚስቴ እነግራታለሁ ብለው ወጡ። ውጭ ከተማው በሙሉ ወደ ቦርንሆልመር ሽትራሰ ኬላ ይተማል። ከተማዋን ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ የከፈለው ግንብ ተከፍቷል! ቤት ሲደርሱ ሚስታቸው የለችም። ወጥ ቤት ተቀምጠው ጠበቋት። ጎህ ሲቀድ የምዕራብ ቸኮሌት ታቅፋ፣ እያለቀሰች ገባች።

«ትልቁ ወሬ የእሷ ሆነ» አሉኝ እየሳቁ። የራሳቸውን ለመናገር እስከ ፋሲካ ቆዩ።

ባለትኬቱ ፎቶው ላይ በስተግራ ያለው ነው። ከሞተ ሰባት ዓመቱ።

ሾርባውን አሙቄ መለስኩላቸው፣ ጠጡት። ከዚያ ቅጹን አውጥቼ «ተጠሪ» የሚለው ባዶ መስመር ላይ የሰውየውን ስም ጻፍኩ። አለቃዬ አየችውና «የሞተ ሰው ደግሞ እንዴት ተጠሪ ይሆናል?» አለችኝ። ግን አልሰረዘችውም።