ደጋና ቆላ በአንድ ዋርድ

የሕክምና ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በክፍልና በቤተ ሙከራ ያሳልፋል፤ ከታካሚ አልጋ አጠገብ ቆሞ መማር የሚጀምረው ክሊኒካል ዓመታት ሲገቡ ነው። እኔ እነዚህን ዓመታት የምማረው በደብረ ብርሃን ነው። በውስጥ ደዌና በሕፃናት ክፍሎች ብዙ ተምሬአለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ታካሚው የሚኖርበትንና የሚውልበትን አገር ሳያውቁ የሚወሰድ ሂስትሪ (ታካሚው ስለ ሕመሙና ስለ ኑሮው ተጠይቆ የሚናገረው ታሪክ) ጎደሎ መሆኑ ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን ከተሻገረ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርድና፣ ከደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ሸዋሮቢት ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ዋርድ ውስጥ ከመንዝ ብርድ የመጣ ገበሬና ከሸዋሮቢት አካባቢ፣ ከቀወት ሙቀት፣ የመጣ የቀን ሠራተኛ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ሁለቱም «ያተኩሰኛል፣ ራሴን ያመኛል» ይላሉ፤ የሐኪሙ ሐሳብ ግን ለሁለቱ በአንድ መንገድ ሊሄድ አይችልም።

አንድ ጠዋት በራውንድ ላይ፣ ማለትም ሐኪሞችና ተማሪዎች ታካሚዎችን እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚላቸውን አንድ የመንዝ አባት አቀረብን። አድራሻቸው ደጋ ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ወባ በአመዛኙ የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ሲኒየር ሐኪማችን ካርዱን ወደ ጎን አድርጎ ወደ እርሳቸው ጎንበስ አለና «አባቴ፣ በእነዚህ ወራት ከቀዬዎ ርቀው ውለው ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። «ማሾ ለቀማ ቆላ ወርጄ ነበር፤ ከተመለስሁ ግን ሰንብቻለሁ፣ ልጄ» አሉት። የደም ምርመራው ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነት አሳየ።

ያ አጭር ጥያቄ ምን ያህል ዕውቀት እንደተሸከመ የተረዳሁት በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ሰው በተነደፈ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ይታያል፤ ቫይቫክስ ግን በጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ ደገኛን ስለ ባለፈው ሳምንት ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ያለፈውን የሥራ ወቅት ማስታወስ ያስፈልጋል። ሕክምናውም በደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ በማጥፋት አያበቃም። በጉበት የተደበቀውን ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ይጨመራል፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥም። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባን የለመደ ሰውነት ስለሌለው፣ በተለይ ፋልሲፓረም ከሆነ፣ በፍጥነት ሊከፋበት እንደሚችልም አስተማሪያችን አጥብቆ ነግሮናል።

ለወባ ምርመራ ደም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ በሚታይበት መስታወት፣ በዚያው ስላይድ ላይ፣ ሌላም ነገር ሊገኝ ይችላል። በሰውነት ቅማል የሚተላለፈውና እየተመላለሰ የሚነሣው ትኩሳት ተሐዋሲ፣ ቦሬሊያ፣ ለወባ ተብሎ በተዘጋጀ የደም ስላይድ ላይ እንደ ጥምዝ ክር ሆኖ ይታያል። ሰዎች ተፋፍገው በሚያድሩበትና ልብስ ለመቀየር በሚቸገሩበት ቦታ ሁሉ ሊነሣ ስለሚችል፣ ሥራ ፍለጋ የወጣ ሰው የት እንዳደረ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፦ አንቲባዮቲክ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታካሚው በኃይል ሊንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን ሰጥቶ መሄድ አይቻልም፤ አጠገቡ ሆኖ መከታተል ግድ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣልኝ ከሳል ነው። ትንፋሽ የሚያጥራቸውና ለረጅም ጊዜ የሚያስላቸው እናቶች ወደ ክፍላችን ይመጣሉ። በተማርነው ቅደም ተከተል መሠረት ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ እንጠይቃለን፤ መልሳቸው ሁልጊዜ «ኧረ የለም» ነው፤ ጥያቄው በዚያው ከቆመ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ዛፍ በሳሳበት ደጋ ማገዶው በአብዛኛው ኩበት ነው፤ ብርዱ በርና መስኮት ያዘጋል፤ እናት ከልጅነቷ ጀምሮ ከምድጃ አጠገብ ትውላለች። የምድጃ ጭስ ሲጋራ ነክታ የማታውቅን ሴት ሳንባ ለዘለቄታው እንደሚጎዳ በሚገባ የታወቀ ነው። እንግዲህ አሁን «እማማ፣ ቤት ውስጥ የሚያነዱት ምንድን ነው? ጭሱስ በየት ይወጣል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመልሱልኝ አስታማሚ ሆና የመጣችው ልጃቸው ናት፤ የቤቱን አሠራር ሳይቀር ትገልጽልኛለች። አስታማሚዎች ለሕክምና ተማሪ አስተማሪዎች መሆናቸው እምብዛም አይነገርም፤ እኔ ግን ከእነርሱ የተማርሁት ቀላል አይደለም።

በሕፃናት ክፍል ደግሞ ከፍታው ራሱ ቁጥሮችን ይለውጣል። ከሁለት ወር እስከ አሥራ ሁለት ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል፤ ይህ በደጋም በቆላም አንድ ነው። በጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ ግን እንዲህ አይደለም። ብዙዎቹ የምናነብባቸው መጻሕፍት ከ95 በመቶ በታችን በጥርጣሬ ያዩታል፤ በእኛ ከፍታ ጤነኛ ሰው 92 ቢያሳይ የሚያስደነግጥ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለሕፃናት ኦክስጅን የሚጀመርበትን 90 በመቶ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን ወደ 87 ዝቅ አድርጎታል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ደህናውን ልጅ በከንቱ ያስተኛል፤ በሌላ በኩል ደግሞ «የከፍታው ነው» እያለ የታመመውን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ያሰጋኛል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳልመለከት ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎዱን፣ ጡት መጥባት መቻሉንና ነቃ ማለቱን አያለሁ።

ከዚህ በኋላ ሂስትሪ ስጽፍ ከአድራሻ ቀጥሎ ታካሚው በቅርብ ወራት የት የት እንደዋለና እንዳደረ፣ ምን ሥራ እንደሠራ፣ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚነድ አሰፍራለሁ። ወረቀቱ ረዘም ይላል፤ በራውንድ ላይ ጊዜ እንደሚወስድም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ማሳጠር ያለብኝ ሌላውን ክፍል እንጂ ይህን አይመስለኝም። ቀጣዩ አታችመንቴ (ተመድቤ የምማርበት ክፍል) የማህፀንና ጽንስ ክፍል ነው። ለዚያም ከወዲሁ አንድ ጥያቄ ይዣለሁ፦ ከመርሐቤቴ ወይም ከመንዝ ገጠር የመጣች እናት ምጥ ቢጀምራት ከቤቷ እስከ መኪና መንገድ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት፣ በአቅራቢያዋ ባለው ጤና ጣቢያም የእናቶች ማቆያ መኖር አለመኖሩን።