ጅቡ ለምን መጣ?

የድሮ አዳኞች የጻፉትን ማስታወሻ ማንበብ ልማዴ ነው። እንጀራዬ ደግሞ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ የሠራተኛ ደህንነት መከታተል ነው፤ በሳይት አነጋገር «ሴፍቲ» ነኝ። የሥራ ጓደኞቼ «አንበሳና ሄልሜት ምን አገናኛቸው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አንድ ሌሊት ካምፓችን ጅብ ገባ።

ሳይቱ ከከተማ የራቀ ቆላ ነው። እኛ የቢሮዎቹ በኮንቴነር እናድራለን፤ የቀን ሠራተኞቹ በሸራ ድንኳን። ሙቀቱ አላስተኛ ስለሚል ልጆቹ የድንኳኑን በር ገልጠው፣ እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ነው የሚተኙት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ጩኸት ሰማን። ጅቡ አንዱን ልጅ እግሩን ነክሶ ሲጎትት ጓደኞቹ በአካፋ ተረባርበው አስጣሉት። የአካባቢው ሰው የሆኑት ጥበቃ ጋሼ ጠመንጃቸውን ይዘው ደረሱና አንዴ ተኮሱ። ጅቡ እዚያው ቀረ። ልጁን በፒክአፕ ወሰድነው። ቁስሉ ታጠበ፣ የእብድ ውሻ መከላከያ ክትባት ጀመረ፣ ዳነ።

ጠዋት ካምፑ ሰርግ ቤት መሰለ። ሽለላ፣ ፎቶ፣ «ዘራፍ!»። ካምፕ ማናጀሩ የአደጋ ሪፖርቱን አርቅቆ ይዞልኝ መጣ። ጅብ ገባ፣ ጥበቃው በጀግንነት ገደለው፣ ችግሩ ተፈቷል። «ፈርምና እንላከው» አለኝ።

ይህን ሪፖርት ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ። የጻፈው ጆን ሄንሪ ፓተርሰን ነው።

ፓተርሰን አዳኝነት ሙያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1898 እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ባቡር ሲዘረጉ፣ ኬንያ ውስጥ የጻቮን ወንዝ ድልድይ እንዲሠራ የተላከ መሐንዲስ ነው። ሠራተኞቹ በብዛት ከህንድ የመጡ ነበሩ። ሁለት ጎፈር የሌላቸው ወንድ አንበሶች ለወራት ከድንኳን እየጎተቱ በሏቸው። የእሾህ አጥር ቢታጠርም ሾልከው ይገባሉ። እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ካምፑ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ስለነበር እያንዳንዱ «እኔን አያገኘኝም» ብሎ ይተኛ ነበር። ብዙኃኑ ከሐዲዱ ጋር ወደፊት ሲሄድ ድልድዩ ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ሆኑ። ያኔ ነው ፍርሃቱ የገባው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሠራተኞቹ ሐዲዱ ላይ ተኝተው ባቡር አስቆሙና ተሳፍረው ሄዱ። የመጣነው ለመንግሥት ልንሠራ እንጂ የአንበሳ ቀለብ ልንሆን አይደለም አሉ። ሥራው ለሦስት ሳምንት ያህል ቆመ። ኮንትራክተር የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ወገቡን ይይዛል።

ፓተርሰን ሁለቱንም በዚያው ታኅሣሥ ገደለ። በ1907 መጽሐፍ አደረገው። ደፋር ሰው ነው፤ ሌሊቱን ዛፍ ላይ የጠበቀው እሱ ነው፤ አልክድም። ግን የሟቾቹን ቁጥር ተመልከቱ። መጽሐፉ ህንዶቹን 28 ይላል፣ አፍሪካውያኑ ግን አልተቆጠሩም። በኋላ ራሱ 135 አለ። በ2009 ተመራማሪዎች ቺካጎ ሙዚየም ያለውን የአንበሶቹን አጥንትና ጠጉር መርምረው ወደ 35 ሰው ገመቱ። ጥይቱ በየትኛው ሌሊት የት እንደመታ በዝርዝር ተጽፏል። የሞተው ሰው ብዛት ግን አልጸናም።

መንስኤውም አልጸናም። ከሁለቱ አንዱ አንበሳ የተሰበረ ጥርስና የመገለ መንጋጋ ነበረው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ በእኛ አገር ክፉ ቀንን ያመጣው ደስታ በሽታ ወደ ደቡብ ወርዶ ከብቱንም ጎሹንም ጨርሶ ነበር። የሚበላው ያለቀበት አውሬና በሸራ ሥር የተኛ የደከመ ሰው ተገናኙ።

የሙያው ሰዎችም ያው ናቸው። ስኮትላንዳዊው ቤል ከሺህ በላይ ዝሆን የገደለ ነው። አንጎሉ የት ጋ እንደሆነ ለማወቅ የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ከፍሎ አጥንቷል። እንዴት እንደሚገደል ከሱ በላይ የሚያስረዳ የለም። ጄ. ኤ. ሃንተር ኬንያ ማኩዌኒ ላይ ለእርሻ ሰፈራ ቦታ ለማስለቀቅ በ1940ዎቹ አጋማሽ 996 አውራሪስ ገድሏል። ከቁጥሩ በኋላ ግን «ለጥቂት መሬት ይህ ሁሉ ያስፈልግ ነበር?» የሚል ነገር ያነሳል። ዘግይቷል፣ ቢሆንም ጠይቋል።

ለእኔ የሪፖርት አለቃቸው ጂም ኮርቤት ነው። እሱም ህንድ ውስጥ የባቡር ጭነት ኮንትራክተር ሆኖ የሠራ፣ የቀን ሠራተኛ የሚያውቅ ሰው ነው። በ1907 ቻምፓዋት ላይ የገደላት ነብር (ታይገር) 436 ሰው በልታለች ይባላል። ገድሎ አላበቃም፤ አፏን ከፍቶ አየ። በቀኝ በኩል የላይና የታች ክራንቻዋ በድሮ የጥይት ቁስል ተሰብሯል። የለመደችውን አውሬ መያዝ አቅቷት ነው ወደ ሰው የዞረችው። የጀመረው ሌላ ተኳሽ ነው ማለት ነው።

እናም አልፈረምኩም። «ጅቡ ለምን መጣ?» አልኩት ማናጀሩን። «ጅብ ነዋ!» አለኝ። «አንተ ደግሞ መጽሐፍ ታበዛለህ።»

ጋሼን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጅብ ድሮ ከወንዙ ወዲህ አያልፍም ነበር። ያስለመዳችሁት እናንተ ናችሁ» አሉና ከኩሽናው ኋላ ወሰዱኝ። ምግብ አቅራቢው የሚያርደውን በግ አንጀትና አጥንት የሚጥልበት ጉድጓድ ሞልቶ ፈስሷል። ከዚያ እስከ ሠራተኞቹ ድንኳን ጥቂት እርምጃ ነው። ከኮንቴነሮቹ ግን ሩቅ ነው፤ ሽታው ለእኛ አይደርስም። ሠራተኞቹ ለካፖው፣ ለቅርብ አለቃቸው፣ ደጋግመው ተናግረው ነበር። ካፖው «እሺ» ይላል፣ ነገሩ እዚያ ይቀራል።

የሪፖርቱ ቅጽ ላይ ለ«መንስኤ» የተሰጠው ቦታ አንድ መስመር ናት። ሌላ ወረቀት አያያዝኩበት። ጉድጓዱ ኖራ ተነስንሶበት ተደፈነ፤ አዲሱ ከአጥሩ ውጭ ርቆ ተቆፈረ። ድንኳኖቹ ወደ መብራቱ ተጠጉ። ምግብ አቅራቢው ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈኝ፤ ሻይዬ ሳይቀር ቀዝቅዞ ነበር የሚመጣው።

ለጋሼ ከዋናው ቢሮ የምስጋና ደብዳቤ መጣላቸው። ይገባቸዋል። አንብቤላቸው ሲያበቃ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ደብዳቤውስ ደህና። ጥይቴን ማን ይተካልኛል?» አሉኝ። ፋይናንስ ጋ ሄድኩ። «የአላቂ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ጥይት የሚባል የለም» አሉኝ።