«መኪና ይገባል እኮ» ያሉን ሰውዬ

ባለፈው ቅዳሜ ቤት ቀየርን። ደሴ ውስጥ ቤት መቀየር ምን ማለት እንደሆነ ደሴ የኖረ ያውቀዋል። እዚህ አገር የአንዱ ሰፈር በር የሌላው ሰፈር ጣሪያ ላይ ነው። አዲሱ ቤታችን ደግሞ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ላይ ገባ ብሎ ነው። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ሁለት ተሸካሚዎች የእናቴን ቁም ሳጥን ይዘን የድንጋዩን ደረጃ ተያያዝነው። ቁም ሳጥኑ የዋንዛ ነው። ባለ ሦስት በር። በአንድ በኩል መስታወት አለው፣ እናቴ ከኋላ ሆና «መስታወቱን! መስታወቱን!» ትላለች፣ ተሸካሚዎቹ «ወደ ግራ!» ይላሉ፣ ግራው የማን ግራ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አራት ጊዜ አሳርፈን፣ አንዴ ጣቴን ግድግዳና ሳጥን መሃል አስበልቼ ላይ ደረስን። እዚያ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከታች ጀምረው ሲያዩን ነበር። ቁም ሳጥኑን እስክናወርድ ጠበቁ። ትንፋሻችን እስኪመለስም ጠበቁ። ከዚያ፣

«ልጆቼ፣ በላይ በኩል እኮ መኪና ይገባል» አሉን።

ወንድሜ ፊቱ ቀላ። እኔ ግን ሳቅ አፈነኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። «ቻርሊ ሆል!» አልኩ። ወንድሜ «ማነው ደግሞ እሱ?» አለኝ፣ አሁንም እንደተናደደ። ያኔ ለማስረዳት ትንፋሽ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

ቻርሊ ሆል እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው። ስሙን ካላወቃችሁት አትፈሩ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ፊቱን ግን አይታችሁት ይሆናል። የቀጭኑንና የወፍራሙን፣ የሎሬልና ሃርዲን ፊልም ያየ ሰው እሱን ሳያይ ማምለጥ ይከብደዋል፣ ምክንያቱም ወደ 50 በሚጠጉ ፊልሞቻቸው ውስጥ አለ። ከአጃቢዎቻቸው ሁሉ እንደሱ ደጋግሞ አብሯቸው የታየ የለም። አጭር፣ ድንቡሽ ያለ፣ ቅንድቡ ቶሎ የሚኮሳተር ሰውዬ። አንዴ አከራይ ነው፣ አንዴ ታክሲ ነጂ፣ አንዴ ባለ ሱቅ፣ አንዴ ፖስተኛ። ሥራው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። መናደድ።

ፖስተኛ የሆነበት ፊልም ነው ቅዳሜ ትዝ ያለኝ። «ዘ ሚውዚክ ቦክስ» ይባላል፣ የ1932 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ያስተዋላችሁ ታርሙኛላችሁ ብዬ ከወዲሁ ልናገር)። ሁለቱ ጓደኛሞች በሣጥን የታሸገ ፒያኖ ተሸክመው ከ130 በላይ ደረጃ ይወጣሉ። ፒያኖው ያመልጣቸዋል፣ ደረጃውን ሁሉ እየተንጋጋ ይወርዳል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ደግሞ ያመልጣል። በመከራ ላይ ሲደርሱ ፖስተኛው ይመጣና በዚህ በኩል መምጣት አልነበረባችሁም፣ ዙሮ የሚወጣ መንገድ አለ ይላቸዋል። እነሱ ምን አደረጉ? ፒያኖውን መልሰው በደረጃው ወደ ታች አወረዱት፣ ጋሪያቸው ላይ ጫኑት፣ በመንገዱ ዞረው መጡ።

ወንድሜን አልሰድበውም፣ ግን ቅዳሜ «እንመልሰው እንዴ?» ብሎ ነበር። ተሸካሚዎቹ ምስክር ናቸው።

ይህ ፊልም በአጫጭር ኮሜዲ ዘርፍ ኦስካር ወስዷል፣ ዘርፉ ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ነው። ደረጃው ዛሬም ሎስ አንጀለስ ውስጥ አለ፣ ሰው እየሄደ ፎቶ ይነሳበታል። እኛ ደረጃችን ላይ ግን ፎቶ የሚነሳ የለም፣ በክረምት የሚንሸራተት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። ልጅ ሆነን ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚው ሱሪ የሚቀድ፣ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። በአብዛኛው ህንድና ካራቴ ነው የሚያሳየው። አልፎ አልፎ እሁድ ጠዋት ግን ባለቤቱ ጥቁርና ነጭ ይከፍታል። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሰው የሚወድቅበት ፊልም ሁሉ ለእኛ «ቻርሊ» ነበር። ቻፕሊን ይኑርበት አይኑርበት ማን ይጠይቃል! ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «ዛሬ ቻርሊ» ተብሎ ይጻፋል፣ እንገባለን፣ ወፍራሙና ቀጭኑ ይመጣሉ፣ ማንም ገንዘቤን መልሱ አይልም። ያንን አጭር ንዴተኛ ሰውዬ እኛ «ባለቤቱ» ነበር የምንለው። ምን ጊዜም የአንድ ነገር ባለቤት ነዋ! የቤቱ ባለቤት፣ የሱቁ ባለቤት፣ የመኪናው ባለቤት። ብቅ ሲል «መጣ ባለቤቱ!» እያልን እንጮሃለን፣ እውነተኛው የቪዲዮ ቤት ባለቤት ደግሞ ዝም በሉ ብሎ በጭራሮ ይነካናል።

ከብዙ ዓመት በኋላ እነዚያኑ ፊልሞች በስልኬ ዩቲዩብ ላይ አገኘኋቸውና የተዋናዮቹን ስም ሳነብ ክው አልኩ። ሰውየው ቻርሊ ነው ስሙ። ሰሌዳው አልዋሸም ነበር ማለት ነው።

የተወለደው በ1899 በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ ነው። ያደገው የእጅ ሙያ ተምሮ ነው፣ አናፂነት። አናፂነቱን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። በወጣትነቱ መድረክ ላይ ከሚያስቁ ሰዎች ጋር ሠራ፣ ቻፕሊንና ስታን ሎሬል ካለፉበት ከፍሬድ ካርኖ ቡድን ጋር። ከዚያ እህቱን ለመጠየቅ ኒውዮርክ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። (ይህችኛዋ ታሪክ ለእኛ አዲስ አይደለችም። ስንቱ ነው «ደርሼ ልምጣ» ብሎ የቀረው።) ቲያትር ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ዕቃ የሚያነሳና የሚጥል ሠራተኛ ሆነ። እዚያ የተዋወቀው አንድ ኮሜዲያን ነው ፊልም ሞክር ያለው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ፣ የሎሬልና ሃርዲን ፊልሞች የሠራው ሃል ሮች ስቱዲዮ ገባ።

የመጀመሪያዎቹ ሚናዎቹ ቁንጽል ናቸው። አንዷ ቁንጽል ግን ዓለምን አንቀሳቅሳለች። «ዘ ባትል ኦፍ ዘ ሴንቸሪ» በሚባለው የ1927 ፊልም ሃርዲ ሎሬልን አንሸራቶ የኢንሹራንስ ገንዘብ ለመብላት የሙዝ ልጣጭ መንገድ ላይ ይጥላል። ሎሬል አይወድቅም። ከሱቅ በክሬም የተሞላ ፓይ በትሪ ተሸክሞ የሚወጣው ቻርሊ ሆል ነው የሚወድቀው። ተነሳ። ልጣጩን አየ። ሃርዲን አየ። አንዱን ፓይ አንስቶ ሃርዲ ፊት ላይ ለጠፈው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ በሙሉ እርስ በርሱ ተወራወረ፣ ጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር። 3,000 ፓይ ነው ያለቀው እየተባለ ይወራል። የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ለአሥርተ ዓመታት ጠፍቶ ኖሮ በ2015 ነው አብዛኛው የተገኘው።

አሁን ልብ በሉ። ሰው ሲናደድ ቀላል ነገር ይመስለናል። ሆል ግን ወድቆ ተነስቶ ወዲያው አይወረውርም። መጀመሪያ ያያል። ከዚያ ይገባዋል። እንደገባው እኛም እናያለን፣ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲመጣ፣ ልክ ጀበና ሊገነፍል ሲል እንደሚያደርገው። ሳቁ ያለው እዚያች መጠበቂያ ላይ ነው። ሎሬልና ሃርዲ ምንም ያህል ቢወድቁ የሚናደድባቸው ሰው ከሌለ ሁለት የሚወድቁ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ይህን በደንብ ማየት የሚፈልግ «ቲት ፎር ታት»ን ይይ። 1935። ሁለቱ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይከፍታሉ። ጎረቤታቸው ባለ ግሮሰሪ ነው፣ ሆል። ከዚህ በፊት በሌላ ፊልም ተጣልተዋል፣ ይተዋወቃሉ፣ ግን ቂሙን የረሳ የለም። ሃርዲ በአጋጣሚ የሆል ሚስት መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና በእነሱ ቤት በኩል በደረጃ ሲወርድ ባል ያየዋል። ከዚያ ጦርነት።

ግን የጦርነቱ ሕግ አለው! አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ቆሞ ያያል። አይከላከልም፣ አይሮጥም። ሆል ወደ እነሱ ሱቅ ይሄዳል፣ የእጅ ሰዓቶቻቸውን ሰብስቦ ወተት መምቻ ማሽን ውስጥ ይከትና ይፈጫቸዋል። እነሱ ተራቸው ነው፣ ወደሱ ሱቅ ይሻገራሉ፣ የገንዘብ መሳቢያው ውስጥ ማር ያፈስሳሉ። ሆል እጁን ሲከት ሳንቲሙ ከጣቱ አልለቅ ይለዋል። አይጮህም። ጣቱን ያያል፣ እነሱን ያያል፣ እንደገና ጣቱን። እነሱ ደግሞ በወጡ ቁጥር፣ በዚያ ሁሉ ጠብ መሃል፣ ከመደርደሪያው ከረሜላ አንስተው ወደ አፋቸው ጣል ያደርጋሉ። ይህቺ ከሰዓቱም ከማሩም በላይ ሰውየውን ታቃጥለዋለች። ባለ ሱቅ የሆነ ይፍረድ። አጎቴ አራዳ ሱቅ ነበረው፣ ስኳር ቢደፋበት ዝም ይላል፣ ደንበኛ ሳይጠይቅ አንዲት ለውዝ ካነሳ ግን ያን ቀን ምሳ አይበላም።

ሆል በመጨረሻ ከረሜላው ላይ አፍ የሚያጣብቅ ዱቄት ነሰነሰበት። አገኙት። እነሱም እሱን አንስተው እንቁላል ላይ አስቀመጡት። በዚህ ሁሉ መሃል ክፍት ከተዉት ከእነሱ ሱቅ አንድ ሌባ ዕቃ እያወጣ ይወስዳል፣ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም ይባባላሉ፣ እሱ ሥራውን ይቀጥላል። ፖሊስ ሲደርስ ሱቁ ባዶ ነው። ይህም ለኦስካር ታጭቶ ነበር።

እኛ ጋ ቢሆን ፊልሙ ከሰዓቱ አያልፍም ነበር። አባጋሮች ይጠራሉ፣ ቡና ይፈላል፣ «በሉ ይቅር ተባባሉ» ይባላል፣ አለቀ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ኮሜዲ መሥራት ከባድ ነው፣ አስታራቂው ቶሎ ይመጣል።

አከራይ የሆነበትን ግን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። «ላፊንግ ግሬቪ»፣ 1931። ስሙ የውሻቸው ስም ነው። ሁለቱ ውሻዋን ተከራይተው በሚኖሩበት ክፍል ይደብቋታል፣ ውጭ በረዶ ነው፣ ሎሬል ስቅ ይለዋል፣ ስቅ ባለው ቁጥር ውሻዋ ትጮሃለች፣ አከራዩ ሆል በሌሊት ልብሱ እየተነጫነጨ ይመጣል። ይህን ያየሁት ኮምቦልቻ ሥራ ይዤ ክፍል ተከራይቼ በምኖርበት ጊዜ ነበር። አከራዬ (ስማቸው ይቅር) ውሃ ስቀዳ ይቆጥሩ ነበር። ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ሲያዩ በሩን አንኳኩተው «አልተኛህም እንዴ ልጄ?» ይሉኛል፣ በደግ ድምፅ፣ ለቆጣሪው ብለው። እናም ያን ፊልም በብርድ ልብስ ውስጥ፣ የስልኩን ብርሃን ሸፍኜ፣ ሳቄን እያፈንኩ ነው ያየሁት። በር ሲንኳኳ የፊልሙ ይሁን የእኔ ለይቼ አላውቀውም።

ሎሬልና ሃርዲ በ1940 ከሃል ሮች ሲለዩ ሆልም ሠርቶ አደር ሆኖ ቀጠለ። አር.ኬ.ኦ ስቱዲዮ ውስጥ ከኮሜዲያኑ ሊዮን ኤሮል ጋር አጫጭር ኮሜዲ ሠራ። በሌሎች ፊልሞች አስተናጋጅ፣ ሹፌር፣ ጠጪ ሆነ፣ ብዙዎቹ ላይ ስሙ እንኳ አልተጻፈም። በታኅሣሥ 1959 ሰሜን ሆሊውድ ውስጥ አረፈ፣ ስልሳ ዓመቱ ነበር። በትውልድ ከተማው በበርሚንግሃም፣ ኤርዲንግተን በሚባለው ሰፈር፣ በስሙ የተጠራ መጠጥ ቤት ተከፍቶለታል። ለዋና ተዋናይ ሐውልት ያቆማሉ፣ ለእሱ መጠጥ ቤት። እኔ የእሱን እመርጣለሁ።

ቅዳሜን ልጨርሰው። ቁም ሳጥኑ በር ላይ ደረሰና አልገባም አለ። በቁመት ሞከርን፣ በጎን ሞከርን። በአራት ጣት ነው የሚበልጠው። እናቴ መስታወቱን እየጠራች ነው። ወንድሜ ለአንድ አናፂ ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡና ተነሱ።

«አብሽር» አሉት። «እኔ ምንድን ነኝ?»

አናፂ ነበሩ። አርባ ዓመት። ማን የማጠፊያ መፍቻ አምጡ እንዳላቸው አላውቅም፣ ከየት እንዳመጡትም አላየሁም፣ የቤቱን በር ነቅለው ግድግዳ አስደገፉት፣ ቁም ሳጥኑ ገባ። በሩን መልሰው ገጠሙት። ወንድሜ አሁንም በደንብ አላናገራቸውም። «መኪና እንደሚገባ ከታች ሳለን ቢነግሩን ምን ነበረበት ጋሼ?» አላቸው በመጨረሻ።

ቀና ብለው አዩት። ቆዩ።

«አልጠየቃችሁኝማ» አሉ።